ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ጀርመንታውን ጠዋት የሚሄድ ባቡር አለ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ ከገባን ሦስት ወራችን ነው። ለጊዜው ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት ነን። እሱ ዲሲ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ ሥራ ጀምሯል። እኔ ደግሞ ጀርመንታውን አገኘሁ፤ የምገባው በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7 ነው፣ የምወጣው 3 ተኩል። መኪና የለንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያው አጠገብ አንድ አፓርታማ አይተናል። ካየናቸው ሌሎች በወር 300 ዶላር ይበልጣል። ‹ከጣቢያው ጀርመንታውን ድረስ ባቡር ስላለ ያዋጣችኋል› ተባልን። ላረጋግጥ ብዬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ፤ ዝግ ነው። አንዲት ሴትዮ ‹ከባቡር ግጭቱ በኋላ ነው የተዘጋው› አለችኝ። ግራ ገባኝ። ባቡሩ አለ ወይስ የለም? ቤቱንስ እንያዘው?»

ባቡሩ አለ። ጠዋት ግን ወደ አንቺ ሥራ አይሄድም፤ ከአንቺ ሥራ በኩል ወደዚህ ነው የሚመጣው። ማታ ደግሞ ይገለበጣል፤ አንቺ ወደ ቤት ስትመለሺ እሱ ወደ ጀርመንታውን ይወጣል። ስለዚህ ያንን ቤት በባቡሩ ተስፋ አትያዙት። ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱ ከገባሽ የት መከራየት እንዳለባችሁም አብሮ ይገባሻል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ሰዓቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የነገሩሽ ሰዎች አልዋሹሽም። ማርክ የሚባለውን የሜሪላንድ ባቡር ካርታ ያየ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግንና ጀርመንታውንን በአንድ መስመር ላይ ያገኛቸዋል። ኬንሲንግተን፣ ጋሬት ፓርክ፣ ሮክቪል፣ ዋሽንግተን ግሮቭ፣ ጌትስበርግ፣ ሜትሮፖሊታን ግሮቭ፣ ከዚያ ጀርመንታውን። ሰባተኛው ፌርማታ ነው። ካርታው ላይ ሲያዩት ምን ችግር አለው ያሰኛል። ካርታ ግን ባቡሩ ስንት ሰዓት ላይ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ይህን የሚነግርሽ የጊዜ ሰሌዳው ነው። እሱን ሳያዩ ውል የፈረሙ ሰዎች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

ሌላው ያደናገረሽ ስሙ ነው። «ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ማለት ነው። አንደኛው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ዝግ ሆኖ ያገኘሽው የጡብ ቤት ነው። እሱ አሮጌው ጣቢያ ነው፤ ዛሬ ባቡር አይቆምበትም። ሁለተኛው ማርክ የሚቆምበት ፕላትፎርም ነው። ሦስተኛው የሜትሮው፣ ማለትም የዋሽንግተን ከተማ ባቡር፣ የሬድ ላይን ጣቢያ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎን ለጎን ናቸው፤ አውቶቡሶቹ ከሚሰበሰቡበት ከፖል ሳርቤንስ ትራንዚት ሴንተር አጠገብ። አሮጌው ቤት ከእነሱ ወደ ዲሲ በኩል ወረድ ብሎ ነው ያለው።

የዛሬው የጊዜ ሰሌዳ የተወለደው ከመስመሩ ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። መስመሩን የሠራው ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የሚባል የባቡር ኩባንያ ነው፤ ሰው በአጭሩ ቢ ኤንድ ኦ ይለዋል። የተከፈተው በ1873 ነው። ከዚያ በፊት ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ የሚሄድ ባቡር መጀመሪያ ወደ ባልቲሞር በኩል ወጥቶ መዞር ነበረበት። አዲሱ ቅርንጫፍ ዋሽንግተንን ከፖይንት ኦፍ ሮክስ ጋር በቀጥታ አገናኘ። ኩባንያው ያሰበው ረጅሙን ጉዞና ጭነቱን ነበር። ሆኖም ሐዲድ ባለፈበት ሰው ይሰፍራል። ታኮማ ፓርክ በ1883 የተቆረቆረችው ይህን ሐዲድ ተከትላ ነው። ጋሬት ፓርክ ስሟን ያገኘችው ከራሱ ከባቡር ኩባንያው ፕሬዝዳንት ነው። የድሬዳዋን አመሠራረት የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ቢሮው ዋሽንግተን፣ ቤቱ ዛፍ የበዛበት ዳርቻ፣ ጠዋት ገብቶ ማታ መውጣት። የዚህ መስመር ተሳፋሪ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ነው። መስመሩም እስከ ዛሬ የሚያገለግለው እሱን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የመጀመሪያው የጡብ ጣቢያ የተሠራው በ1878 ነው። ንድፉን ያወጣው ፍራንሲስ ባልድዊን የሚባል አርክቴክት ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ጣቢያዎችንም የነደፈ ሰው ነው። አንቺ ያየሽው ቤት ግን ያ አይደለም። በ1945 የድሮው ፈርሶ እዚያው መሠረቱ ላይ ሌላ ተሠራ፤ ያየሽው እሱን ነው። ዝቅ ያለ፣ ቀይ ጡብ፣ ቤት የሚመስል ጣቢያ። በዘመኑ ወደ ቺካጎ የሚሄዱት ትልልቅ ባቡሮች ሳይቀሩ ይቆሙበት ነበር። ከዋሽንግተን ሰሜናዊ ዳርቻ የሚነሳ ሰው መሃል ከተማ ድረስ መውረድ ሳያስፈልገው ሻንጣውን ይዞ እዚህ ይሳፈር ነበር።

አሁን ሴትዮዋ ወደነገረችሽ ግጭት ልምጣ። ግጭቱ እውነት ነው። ጣቢያውን ያዘጋው ግን እሱ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አዛብቶ ስለሚያወራው ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ በባቡሩ የምንሄድ ሰዎች ደህንነት ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

ቀኑ ፌብሩዋሪ 16፣ 1996፣ ዓርብ ወደ ማታ ነው። በረዶ እየጣለ ነበር። አንድ የማርክ ባቡር ከብራንስዊክ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን ይመጣል። ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ይገፋል፤ ፊት ያለው የተሳፋሪዎች ፉርጎ ነው። ባቡሩ ኬንሲንግተን ከመድረሱ በፊት የነበረው ሲግናል «ቀጣዩ ላይ ለመቆም ተዘጋጅ» የሚል ነበር። ኬንሲንግተን ላይ ቆሞ ሰው ጫነ። ከዚያ ሲነሳ ያ ማስጠንቀቂያ ከነጂው ሐሳብ ወጥቷል፤ ምርመራው የደረሰበት ይህንን ነው። ባቡሩ ፍጥነት ጨመረ። ቀጣዩ ሲግናል ቀይ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ምዕራብ ጥቂት እንደሄድሽ ጆርጅታውን ጃንክሽን የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ደግሞ ወደ ቺካጎ የሚሄደው የአምትራክ (የአገር አቀፉ የተሳፋሪ ባቡር ድርጅት) ባቡር፣ ካፒቶል ሊሚትድ፣ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነበር። ተጋጩ። የአምትራኩ ሎኮሞቲቭ የነዳጅ ታንክ ፈነዳና እሳት ተነሳ። 11 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ የማርኩ ሠራተኞች ነበሩ፣ ስምንቱ ተሳፋሪዎች። ተሳፋሪዎቹ ሃርፐርስ ፌሪ አካባቢ ካለ የጆብ ኮር ማሠልጠኛ የተነሱ፣ ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። የእነሱን ዕድሜ ሳስብ አሁንም ልቤ ይሰበራል።

ከምርመራው ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ የሲግናሉ አሠራር ለሰው የመርሳት ጠባይ ቦታ አልሰጠም። ድሮ በኬንሲንግተንና በጃንክሽኑ መካከል የነበረ ሲግናል ተነስቶ ስለነበር ነጂውን የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። ሁለተኛው፣ የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹ በቀላሉ የሚገኙና የሚከፈቱ አልነበሩም። የፌዴራሉ የባቡር ባለሥልጣን በቀናት ውስጥ ትእዛዝ አወጣ። ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲነሳ ቀጣዩን ሲግናል በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ለመቆም ተዘጋጅቶ፣ ቀስ ብሎ እንዲሄድ። ሠራተኞቹም የሚያዩትን ሲግናል ድምፃቸውን አውጥተው እንዲነጋገሩ። በኋላ ደግሞ በ2008 የወጣው ሕግ ነጂው ቢሳሳት ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ እንዲገጠም አስገደደ። ስትሳፈሪ መስኮቶቹ ላይ የተለጠፈ የአደጋ ጊዜ አከፋፈት ታያለሽ። አንብቢው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሮጌው ቤት ሥራ ያቆመው በሌላ ምክንያት ነው። የሜትሮው ሬድ ላይን ፌብሩዋሪ 6፣ 1978 ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። መጀመሪያ የመስመሩ መጨረሻ እዚህ ነበር። ወደ ዊተን የቀጠለው በ1990፣ ወደ ግሌንሞንት በ1998 ነው። ሜትሮው ከተከፈተ በኋላ የሰፈሩ መሃል ወደ እሱ ዞረ። አውቶቡሱም ሰውም እዚያ ነው። የማርክ ተሳፋሪ ከባቡር ወርዶ ሜትሮ ለመያዝ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መራመድ ነበረበት። ስለዚህ የማርክ ማቆሚያ ሜትሮው አጠገብ ተዛወረ፤ ለተሳፋሪው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ቤቱን ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቅርስ ጠባቂዎች ማኅበር በ1998 ወሰደው። በ2000 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ታድሶ በ2002 ተከፈተ። አሁን ለስብሰባና ለዝግጅት ይከራያል፤ ዝግ ያገኘሽው ለዚህ ነው። ለገሃርን አስቢ። ሕንፃው ቆሟል፣ ባቡሩ የሚነሳው ግን ከፉሪ ለቡ ነው። አንድ ቀን ክፍት ስታገኚው ግን ግቢ። የመጠበቂያው ክፍል በጥሩ እጅ ነው የታደሰው።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ የሐዲዱ ባለቤት ማን እንደሆነ ካወቅሽ የባቡሩ ጠባይ ይገባሻል። ሜትሮ የሚሄደው በራሱ ሐዲድ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይመላለሳል። የማርክ ብራንስዊክ መስመር ግን የሚሄደው በሰው ሐዲድ ላይ ነው። ቢ ኤንድ ኦ በ1987 ሲኤስኤክስ የሚባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ውስጥ ገባ፣ ሐዲዱም አብሮ ተጠቃለለ። የሜሪላንድ ግዛት ባቡሮቹን ያስኬዳል፣ ለሐዲዱ ግን ከሲኤስኤክስ ጋር ይዋዋላል። የተሰጠው ክፍተት የተወሰነ ነው። ክፍተቱን የሚጠቀመው ደግሞ ብዙ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ ነው፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ከዋሽንግተን። ባቡሮቹ የሚያድሩትም ከላይ በኩል ነው፣ ብራንስዊክና ማርቲንስበርግ። ጠዋት ይወርዳሉ፣ ቀን ዋሽንግተን ይቆማሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ የሉም። በአንዳንድ በዓላትም አይሠሩም። ባቡር ለመጨመርና በተቃራኒው አቅጣጫ ለማስኬድ ሦስተኛ ሐዲድ ያስፈልጋል የሚለው ውይይት ለዓመታት የቆየ ነው። በበኩሌ ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ በጀርመንታውንና በጌትስበርግ ሥራ የሚያገኙ፣ ታች የሚኖሩ ወገኖች እየበዙ ነው። ያልተሠራ ሐዲድ ግን አንቺን ሰኞ ጠዋት ሥራ አያደርስሽም።

አንድ ጠዋት ሜትሮው ፕላትፎርም ላይ ቆመሽ ብታይው ይህ ሁሉ ወለል ብሎ ይታይሻል። ከስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሂጂ። የሜትሮው ሐዲድ መሃል ላይ ነው፤ የሲኤስኤክሱ ሐዲድ በግራና በቀኝ ያቅፈዋል። አንድ ጊዜ አንዲት የአገራችን ልጅ እዚያው አጠገቤ ቆማ ነበር። የሆስፒታል ዩኒፎርም ለብሳለች፣ በአንድ እጇ የምሳ ዕቃ፣ በሌላው ስልክ። «እየመጣ ነው መሰለኝ» ትላለች በስልኩ። የወለሉ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ የሚመጣው ሜትሮው ነው። እሷ ግን የምታየው ወዲያ ማዶ፣ ከላይ የሚመጣውን ባለ ሁለት ፎቅ የማርክ ባቡር ነበር። ሰው አራግፎ ወደ ዩኒየን ስቴሽን ቀጠለ። እሷ የምትሄደው ጌትስበርግ ነው። የሚመለሰውን ስትጠብቅ ነበር። የሚመለሰው ማታ ነው ስላት ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ለዚህ ነው አሁን ለአንቺ ያለ ይሉኝታ የምነግርሽ።

«ታዲያ በሜትሮ ብሄድስ?» ትይ ይሆናል። ይቻላል። ግን ሬድ ላይን ቅርጹ እንደ ፈረስ ጫማ ነው። ከግሌንሞንት ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ወደ መሃል ዋሽንግተን ይወርዳል፣ ከዚያ በቤተስዳና በሮክቪል በኩል ወደ ሼዲ ግሮቭ ይወጣል። አንቺ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ለመሄድ ከተማውን ሁሉ ማካለል አለብሽ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሼዲ ግሮቭ 23ኛው ጣቢያ ነው። ባቡር ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ጀርመንታውን አውቶቡስ መያዝ አለብሽ፣ ከአውቶቡሱ ደግሞ እስከ ሥራሽ መራመድ። ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው። ሁሉ ነገር ቢገጥም 7 ሰዓት ላይ ለጥቂት ትደርሻለሽ። አንዱ ባቡር ቢዘገይ፣ አንዱ አውቶቡስ ቢያልፍሽ አለቀ። አዲስ ሥራ ላይ በመጀመሪያው ወር ሦስት ቀን ማርፈድ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ፈረቃ ቢሰጡሽ ደግሞ ሜትሮው ከሥራ ቀን ዘግይቶ ስለሚከፈት ጭራሽ አይታሰብም።

መሃሉን ለመቁረጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተስዳ የሚሻገር ሜትሮባስ አለ። ቤተስዳ ላይ ሬድ ላይንን ብትይዢ ሼዲ ግሮቭ ስድስት ጣቢያ ብቻ ይቀርሻል። ጎበዝ አቋራጭ ነው። ችግሩ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ እንደገና አውቶቡስ ነው። እያንዳንዱ መቀያየሪያ የራሱ ጥበቃ አለው። ለቀን ሥራ፣ ለዘጠኝ ወይም ለአሥር ሰዓት መግቢያ እመክረው ነበር። ለ7 ሰዓት አልመክርም።

ይህን ሽግግር የሚያቀለው ፐርፕል ላይን ነው። ከቤተስዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ኒው ካሮልተን የሚደርስ፣ 16 ማይል ገደማ የሚረዝም፣ 21 ጣቢያ ያለው ቀላል ባቡር ነው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ጆርጅታውን ጃንክሽን እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል። ድሮ ከዚያ ተገንጥሎ በቤተስዳ በኩል ጆርጅታውን የሚወርድ የጭነት ሐዲድ ነበር። በ1985 ሥራ አቆመ። ካውንቲው መሬቱን በ1988 ገዛና የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆነ። አሁን ፐርፕል ላይን ከቤተስዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣው በዚያው መሬት ላይ ነው። ያን መሬት ያኔ ገዝተው ያስቀመጡ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው የሠሩት። ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው፤ በ2022 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ ተዋዋዩ መሃል ላይ ጥሎ ወጣና ብዙ ዘገየ። አሁን የተያዘው ቀጠሮ 2027 መገባደጃ አካባቢ ነው። ቀጠሮውን ግን ቤት ኪራይ ስሌት ውስጥ አታስገቢው። እዚያው አጠገብ ያለው የሳርቤንስ ትራንዚት ሴንተር በ2011 ይከፈታል ተብሎ፣ ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ፣ የተከፈተው ሴፕቴምበር 20፣ 2015 ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በዚያው ዕለት ስለሆነ ቀኑን አልረሳውም። ለፐርፕል ላይን ሥራ ሲባልም በ2024 ሰመር የሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ጣቢያ ለወራት ተዘግቶ ሰው በአውቶቡስ ይመላለስ ነበር። ጣቢያ አጠገብ መኖር እንዲህ ያለ ጊዜም አለው።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። እጅሽ ላይ ያለው ስማርትሪፕ ካርድ ለሜትሮና ለሜትሮባስ ነው፤ ለማርክ አይሠራም። የማርክ ቲኬት ቻርምፓስ በሚባለው የስልክ አፕ ይገዛል። ስማርትሪፕ ይዘው ማርክ ላይ ወጥተው ከቲኬት ተቆጣጣሪው ጋር የሚጨቃጨቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሰውየው ጥፋት የለበትም። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ከ2025 ሰመር ጀምሮ ነፃ ነው፤ ምንም አትከፍይም። ይህ ለእናንተ በወር የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ሌላው፣ ሐዲድ አቋርጠሽ አትሻገሪ። የጭነት ባቡርና የአምትራክ ባቡር በዚህ ሳይቆሙ ያልፋሉ። አምትራክ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ አይቆምም፤ በዚህ አካባቢ ሰው የሚጭነው ዩኒየን ስቴሽንና ሮክቪል ላይ ነው። በረጅም የጭነት ባቡር ጀርባ ሌላ ባቡር በወዲያኛው ሐዲድ ሲመጣ ድምፁን አትሰሚውም።

አሁን ምክሬን ልንገርሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያያችሁትን ቤት ተዉት። ሮክቪል ተከራዩ፤ ካጣችሁ ሼዲ ግሮቭ ሜትሮ አካባቢ።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። የሁለታችሁ ሥራ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ እሱ ታች፣ አንቺ ላይ። ሲልቨር ስፕሪንግ ብትኖሩ ለእሱ በጣም ይመቻል። ዩኒየን ስቴሽን ስድስተኛው ጣቢያ ነው። አንቺ ግን በየቀኑ ትሰቃያለሽ። ሮክቪል መሃል ላይ ነው። ለእሱ ሬድ ላይን አለው፤ እስከ ሜትሮ ሴንተር 13 ጣቢያ ነው፣ ሳይቀይር ይደርሳል። ጠዋት ማርክም ሮክቪል ላይ ቆሞ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል፤ ለእሱ አቅጣጫው ትክክል ነው። ሬድ ላይን የተበላሸ ቀን መጠባበቂያ ይሆነዋል። የሆቴል ሥራ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ሊገባ ይችላል፤ ያን ቀን ማርክ የለም፣ ሜትሮ ግን አለ። ለአንቺ ደግሞ ራይድ ኦን 55 ከሮክቪል በጌትስበርግ በኩል ጀርመንታውን ይወጣል። ሼዲ ግሮቭ ከሆናችሁ ራይድ ኦን 100 በሀይዌይ ቀጥታ ጀርመንታውን ትራንዚት ሴንተር ያደርስሻል። አንድ አውቶቡስ፣ ምንም መቀያየር የለም፣ ክፍያም የለም። የእሱ መንገድ ይረዝማል፤ ይህን አልደብቅሽም። የእሱ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ግን ያንቺን ረጅም መንገድ ያሳጥራል።

የምታጡትም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራው፣ ቡናው፣ ጎረቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ለአዲስ መጤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሑድ እሑድ ግን ሬድ ላይን ይዞ መውረድ ይቻላል። የሥራ ቀን ድካምን ግን እሑድ አይክሰውም። አሠሪሽ መግቢያሽን ወደ 9 ሰዓት ቢያዞርልሽ ወይም አብሮሽ የሚሠራ መኪና ያለው ሰው ብታገኚ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሆናል። ያለዚያ አልቀይርም።

ሮክቪልም ላይ ቢሆን ሳትሞክሩ አትፈርሙ። አንድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምረጪ። ያየሽው ቤት በር ላይ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቁሚ። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ በእግርሽ ሂጂ፣ ተሳፈሪ፣ ጀርመንታውን ውረጂ፣ የሥራ ቦታሽ በር ድረስ ተራመጂ። ስትደርሺ ሰዓትሽን እዪ። 6 ከ45 ካላለፈ ውሉን ፈርሙ።